ባሪቶን ዩኩሌሌ ልትገዙ ነው? ከቴነር፣ ከጊታርና ከራሱ ከባሪቶን መካከል እንዴት ይመረጣል

አዲስ ባሪቶን ዩኩሌሌ (ጊታር የሚመስለው የባለ አራት ክሩ መሣሪያ ትልቁ ዓይነት) ከሳጥኑ አውጥቶ ወፍራሙን ክር በአውራ ጣት አንድ ጊዜ መምታት የሚሰጠው ደስታ ሌላ ነው። ትንሹን ዩኩሌሌ የለመደ ጆሮ መጀመሪያ ግር ይለዋል። ያ ፈንጠር ፈንጠር የሚለው ቀጭን ድምፅ የለም፤ በምትኩ ሰፋ ያለ፣ ቶሎ የማይጠፋ፣ ወደ ሰው ድምፅ የሚጠጋ ነገር ይመጣል። የመሣሪያው ጀርባ ሰውነት ላይ ስለሚያርፍ ንዝረቱም ደረት ላይ ይሰማል።

ይህን ደስታ ቶሎ የሚያበላሸው ገዢው ሌላ ነገር ጠብቆ መግዛቱ ነው። "ትልቅ ዩኩሌሌ" ብሎ የገዛው ሰው የሚያውቀውን ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ይዞ ሲመታ ዘፈኑ በሌላ ቃና ይወጣበታል። "ትንሽ ጊታር" ብሎ የገዛውም ዝቅተኛውን ድምፅ የሚሰጡትን ቤዝ ክሮች ሲፈልግ ያጣቸዋል። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ባሪቶን የሚገዛው ለድምፁ ነው። መጠኑ፣ ቅርጹ፣ በጠርዙ ላይ ያለው ጌጥ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ከዚህ በታች የማወዳድረውም በዚህ ዓይን ነው።

ባሪቶን ወይስ ቴነር

ዩኩሌሌ አራት የተለመዱ መጠኖች አሉት፦ ሶፕራኖ፣ ኮንሰርት፣ ቴነርና ባሪቶን። ክሩ የሚርገበገብበት ርዝመት በሶፕራኖ ወደ 34 ሳንቲሜትር፣ በኮንሰርት 38፣ በቴነር 43 ገደማ ሲሆን በባሪቶን ከ48 እስከ 51 ይደርሳል። ባሪቶን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲለካ ደግሞ ወደ 76 ሳንቲሜትር ነው።

ከመጠኑ ይልቅ ልዩነቱን የሚያመጣው ቅኝቱ ነው። ድምፆቹን ኮርድ በሚጻፍበት የፊደል ስማቸው ልጥራቸውና፣ ሦስቱ ትንንሾቹ ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ ተብለው ይቃኛሉ። ባሪቶን ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ነው። በክሮቹ መካከል ያለው ርቀት አንድ ዓይነት ስለሆነ ጣታችሁ የለመደው የኮርድ ቅርጽ እዚህም ይሠራል፤ ድምፁ ግን አምስት ፍሬት (አንገቱ ላይ በብረት ዘንግ የተከፈለው፣ ክሩ የሚጫንበት ቦታ) ያህል ዝቅ ብሎ ይወጣል። በቴነር ሲ ኮርድ የነበረው አያያዝ በባሪቶን ጂ ይሆናል። ኤፍ የነበረው ሲ፣ ጂ የነበረው ዲ፣ ኤ ማይነር የነበረው ኢ ማይነር ይሆናል።

ብቻችሁን እየዘፈናችሁ የምትጫወቱ ከሆነ ይህ ጭራሽ ችግር አይደለም። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰዎች እንዲያውም በትንሹ ዩኩሌሌ ሲጨነቁ የነበረው ዘፈን በባሪቶን ቀልሎ ጉሮሯቸው ላይ ልክ ሲቀመጥ ያገኙታል። ከሌሎች ዩኩሌሌ ተጫዋቾች ጋር የምትሰበሰቡ ከሆነ ግን ኮርዱን በአእምሯችሁ መቀየር ልትለምዱ ነው፤ አለበለዚያ አምስተኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ክሮቹን ሁሉ አንድ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) ታስራላችሁ። ካፖው ሲታሰር ክሮቹ ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ ይሆናሉ፣ የሚቀረው የክር ርዝመትም ወደ ኮንሰርቱ ይጠጋል። ለአንድ ምሽት ያወጣል። ሁልጊዜ እንዲህ ልትጫወቱ ከሆነ ግን ምን ዋጋ አለው? ቴነሩን ግዙ።

ስለ እጅ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። በ51 ሳንቲሜትር ባሪቶን ላይ የመጀመሪያዎቹ አራት ፍሬቶች አንድ ላይ አሥር ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ይወስዳሉ፤ በቴነር ዘጠኝ አይሞሉም። አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ሲነገር ትንሽ ይመስላል፣ ትንሿ ጣት ግን ልዩነቱን በደንብ ታውቀዋለች። እጃቸው ትንሽ የሆነ ሰዎች 48 ሳንቲሜትር የሆነውን ባሪቶን ቢፈልጉ ይሻላቸዋል። ጣታቸው ወፍራም ሆኖ በሶፕራኖ ላይ እርስ በርስ ሲረጋገጥ ለኖረው ግን ባሪቶን እረፍት ነው።

ጊታር ያለው ሰው ምን ያገኛል

ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ የጊታር አራቱ ቀጫጭን ክሮች ናቸው፣ በዚያው ከፍታ። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ዩኩሌሌ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1879 ከማዴይራ ደሴት ወደ ሃዋይ በተሰደዱ እንጨት ሠራተኞች እጅ የተወለደ ሲሆን፣ ባሪቶን የመጣው ግን ብዙ ቆይቶ በ1940ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ነው። ማን ቀደመ በሚለው ላይ ክርክር አለ፤ የኒው ዮርኩ የፋቪላ ቤተሰብ አንዱ ባለ ይገባኛል ነው፣ ሌላው ወገን ደግሞ ለቴሌቪዥን አቅራቢው ለአርተር ጎድፍሬይ ተብሎ ተሠራ ይላል። ያም ሆነ ይህ በ1950ዎቹ ባሪቶንን በሕዝብ ዘንድ ያስወደደው ጎድፍሬይ ነው።

ጊታር የሚችል ሰው እንግዲህ ባሪቶን ባነሳበት ቅጽበት ይጫወታል። ጂ ኮርድን ውሰዱ። በጊታር ስድስቱን ክር ይዛችሁ የምትመቱት በባሪቶን ላይ በአንድ ጣት ያልቃል፤ ቀጭኑን ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ መጫን ብቻ። ኢ ማይነርም በአንድ ጣት ነው። ክሮቹ ናይለን ወይም የዚያ ዓይነት ስለሆኑ ጣት አይቆርጡም።

የሚቀርባችሁ ነገርም አለ። ሁለቱ ወፍራም ክሮች ስለሌሉ ብዙ ኮርዶች ከሥራቸው የሚቆሙበት ድምፅ ይጠፋቸዋል። ያ ጂ ኮርድ ከታች የሚጀምረው በዲ ነው፤ ሲ ኮርድ በኢ። አውራ ጣቱ ቤዝ እየመታ ሌሎቹ ጣቶች ዜማ የሚያወጡለት ጊታረኛ ይህ ይጎድለዋል፣ መጀመሪያ ሰሞን እጁ ባዶ ቦታ ላይ ይሄዳል። በሌላ በኩል ከዘፋኝ ጋር አብሮ ለመጫወት ይህ ራሱ ጥቅም ነው። ቤዝ ጊታርና ፒያኖ ባለበት ቦታ ባሪቶን ማንንም ሳይረግጥ መሐል ላይ ይቀመጣል።

ከእነዚህ ሁለቱ ሌላ መንገድ የሚፈልጉም አሉ። ጊታሌሌ የሚባለው ባለ ስድስት ክር ትንሽ ጊታር በቴነር ርዝመት የተሠራ ነው፤ ከጊታር አምስት ፍሬት ከፍ ብሎ ይቃኛል። ድምፅ በቁጥር ታገኛላችሁ፣ የባሪቶንን ስፋት ግን አታገኙም፤ አንገቱም በስድስት ክር ይጨናነቃል። ቴነር ጊታር ደግሞ አራት የብረት ክር አለው፣ ረዘም ይላል፣ ይጮኻል፣ እንደ ባሪቶን ሊቃኝም ይችላል። የብረት ድምፅ ከወደዳችሁ እሱን ሂዱበት። የጊታር የብረት ክር ባሪቶን ላይ ለማሰር ግን ፈጽሞ አትሞክሩ፤ ውጥረቱ ድልድዩን (ክሮቹ ፊት ገበታው ላይ የሚታሰሩበትን እንጨት) ከነኮላው ይነቅለዋል።

ከነቅኝቱ መምረጥ

ባሪቶን ስትገዙ ሦስት ዓይነት ክር ሊታሰርበት እንደሚችል እወቁ። የተለመደው፣ ዲው ወፍራም ሆኖ ከታች የሚጀምረው ነው። ሁለተኛው ዲውን በቀጭን ክር ተክቶ አንድ ኦክታቭ (አሥራ ሁለት ፍሬት ያህል) ከፍ ያደርገዋል፤ እንዲህ ሲሆን የትንሹ ዩኩሌሌ ፈንጠርታ ይመለሳል፣ ጥልቀቱ ግን ይቀንሳል። ሦስተኛው ባሪቶኑን በጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ የሚያስቃኝ፣ ለባሪቶን ተብሎ የተዘጋጀ የክር ስብስብ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው የተለመደውን እመክራለሁ፤ ባሪቶንን ባሪቶን ያደረገው እሱ ነውና። ሁለተኛው ለሙከራ ጥሩ ነው፣ የሚቀየረውም አንድ ክር ብቻ ነው። ሦስተኛውን የምትፈልጉ ከሆነ ክሩ በትክክል ለዚያ የተሠራ መሆኑን አረጋግጡ። መሣሪያው ላይ ያለውን የዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ክር አጥብቆ ወደ ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ መሳብ ውጥረቱን ሦስት አራተኛ ያህል ይጨምርበታል። ክሩ ቢበጠስ እድለኛ ናችሁ፤ ካልተበጠሰ የሚነሳው ድልድዩ ነው።

ኮምፔንሳቶ ወይስ ሙሉ እንጨት

የዋጋ ልዩነት ከሁሉ በላይ የሚመጣው ከዚህ ነው፣ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልየው።

ርካሾቹ መሣሪያዎች ከኮምፔንሳቶ ይሠራሉ። ስስ ስስ ሆነው የተላጡ እንጨቶች አንዱ በአንዱ ላይ መስመራቸው ተሻግሮ በኮላ ይጣበቃሉ። እንጨቱ ይጠነክራል፣ ሙቀትና ድርቀት ብዙም አይሰማውም፣ መኪና ውስጥ ቢረሳ እንኳ ቶሎ አይሰነጠቅም። ድምፁ ግን ዝግ ያለ ነው። ይህ ጉዳት በሶፕራኖ ላይ ብዙም አያስታውቅም፤ በባሪቶን ላይ ግን ያስታውቃል፣ ምክንያቱም የዲውን ክር ድምፅ ለማውጣት የፊት ገበታው በደንብ መርገብገብ አለበት። ብዙ ርካሽ ባሪቶኖች ሦስቱ ክር ጥሩ ሆኖ ወፍራሙ ክር ደብ ብሎ የሚቀርባቸው ለዚህ ነው።

መካከለኛው መንገድ የፊት ገበታው ሙሉ እንጨት፣ ጎኑና ጀርባው ኮምፔንሳቶ የሆነው ነው። ድምፁን በዋናነት የሚያወጣው የፊት ገበታው ስለሆነ ለገንዘባችሁ ብዙ የምታገኙት እዚህ ነው። አንድ መሣሪያ ብቻ ለሚገዛ ሰው ምረጥ ብባል ሳላመነታ ይህን እላለሁ።

ሁሉ ነገሩ ሙሉ እንጨት የሆነው ከሁሉም ይበልጣል፤ እንክብካቤም ይፈልጋል። የአየሩ እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ባለው መካከል ቢቆይለት ይወዳል። አየሩ በጣም ሲደርቅ እንጨቱ ይሸማቀቅና የፍሬቶቹ ጫፍ ከአንገቱ ጎን ወጥቶ እጅ ይቧጭራል፤ ያ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው፣ ቀጥሎ ስንጥቅ ይመጣል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ቦርሳው ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ እርጥበት ሰጪ አብራችሁ ግዙ።

ሻጩ "ሙሉ እንጨት ነው" ካላችሁ የማረጋገጫው ዘዴ ቀላል ነው። የድምፅ ቀዳዳውን ጠርዝ በብርሃን እዩት። ፊት ላይ ያለው የእንጨት መስመር ጠርዙ ላይ ታጥፎ ወደ ውስጥ ከቀጠለ ሙሉ ነው። ጠርዙ ላይ ዙሪያውን የሚሄዱ፣ ቀለማቸው የተለያየ ድርብርቦች ካያችሁ ኮምፔንሳቶ ነው። ጠርዙ ጥቁር ቀለም ከተቀባ ወይም በጌጥ ከተሸፈነ ግን ከዚያ ማወቅ አይቻልም፤ በመስታወት ውስጡን ተመልክታችሁ መስመሩ ከፊቱ ጋር ይገጥም እንደሆነ ማመሳከር ነው።

የእንጨቱ ዓይነትስ? ማሆጋኒ ለስላሳና ክብ ድምፅ አለው፣ ለዘፈን ማጀቢያ ይመቻል። ስፕሩስ ይጮኻል፣ ድምፆቹን ለያይቶ ያሰማል። ሴዳር ቀስ ብሎ ሲመታም ይመልሳል፤ ለጣት ጨዋታ ግሩም ነው፣ ግን እንጨቱ ለስላሳ ስለሆነ ጥፍር ምልክት ይጥልበታል። ኮአ በሃዋይ ደሴቶች ብቻ በተፈጥሮ የሚበቅል እንጨት ነው፤ ውድነቱ ከዚያ ይመጣል። ዝምድና ያለው አካሽያ በመልክ ስለሚመሳሰለው በርካሽ የሚሸጡት ብዙ ጊዜ ከእሱ የተሠሩ ናቸው፣ መጥፎ እንጨት ግን አይደለም። በባሪቶን ላይ እኔ የማደላው ለስፕሩስ ወይም ለሴዳር ፊት ነው፤ ማሆጋኒ በዝቅተኛ ድምፅ ላይ አንዳንዴ ይደባለቃል። ይህን በጆሮ መፍረድ እንጂ በወረቀት ማመን አያስፈልግም።

ስለ ሠሪዎች ረጅም ወሬ አላበዛም። ካላ ከኮምፔንሳቶ እስከ ሙሉ እንጨት በየደረጃው ባሪቶን ያቀርባል፣ ኦሃናም እንዲሁ። ፖኖ የሚታወቀው በሙሉ እንጨት መሣሪያዎቹ ነው። በ1916 በሆኖሉሉ የተመሠረተው ካማካ ከኮአ የሚሠራቸው ባሪቶኖች ደግሞ ሰው ተመኝቶ ቆይቶ የሚገዛቸው ናቸው። አንድ ሠሪ ጥሩ ቴነር ሠራ ማለት ጥሩ ባሪቶን ሠራ ማለት እንዳልሆነ ግን አትርሱ። ባሪቶን ጥቂት ስለሚሸጥ ብዙዎች ብዙም አይደክሙበትም።

እጃችሁ ላይ ሲገባ

መደብር ውስጥም ሁኑ ሳጥኑን ቤት ውስጥ ክፈቱ፣ ደስታው ሳያሰክራችሁ የምታዩአቸው ነገሮች አሉ።

አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ፤ ከ2.5 እስከ 3 ሚሊሜትር ከሆነ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ለመጫን ይከብዳል፣ ነገር ግን ይስተካከላል፤ ድልድዩ ላይ ያለው ነጭ ዘንግ ወጥቶ ሥሩ በብርጭቆ ወረቀት ይፈጋል። በአሥራ ሁለተኛው ፍሬት ግማሽ ሚሊሜትር ለማውረድ ከዘንጉ አንድ ሚሊሜትር መፋቅ አለበት። ክሩ ዝቅ ብሎ ፍሬት እየነካ የሚነዝር ከሆነ ግን የፈጋችሁትን መመለስ እንደማይቻል ሁሉ ማስተካከሉም አድካሚ ነው። ስለዚህ ከፍ ያለውን ውሰዱ እንጂ የሚነዝረውን አትውሰዱ።

ሌላው ከፍታ በአንገቱ ጫፍ፣ ክሩ በሚያልፍበት ቦይ በኩል ያለው ነው። ብዙ ሰው ረስቶት የሚያልፈው ይህንን ነው፤ ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያሰቃየውም እሱ ነው። እያንዳንዱን ክር በሁለተኛውና በሦስተኛው ፍሬት መካከል ተጫኑትና የመጀመሪያው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት እዩ። የፀጉር ያህል ብቻ ከሆነ ድንቅ ነው። ሰፊ ከሆነ የመጀመሪያ ፍሬት ኮርዶች ሁሉ ጣት ያሳምማሉ፣ ድምፃቸውም ከልኩ ከፍ ይላል፤ መቃኛውን እየወቀሳችሁ ትኖራላችሁ።

ከዚያ ቃናውን ፈትኑ። ክሩን ቃኝታችሁ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ሳትጫኑ በቀስታ ነክታችሁ ምቱት፣ ቀጥሎ ተጭናችሁ ምቱት። ሁለቱ ድምፅ አንድ መሆን አለበት። በቲዩነር (የቅኝት መለኪያ) ስታዩት ትንሽ ቢንቀሳቀስ ምንም አይደለም፤ ጆሮ የሚሰማው ልዩነት ካለ ግን ተዉት። በመጨረሻም መዳፋችሁን በአንገቱ ጎን አንሸራቱ፣ የፍሬት ጫፍ ከቧጨራችሁ ታውቃላችሁ። በድልድዩ ጠርዝ ሥርም ስስ ወረቀት ለማስገባት ሞክሩ፤ ወረቀቱ ከገባ ድልድዩ መነሳት ጀምሯል ማለት ነው።

ፒካፕ (ድምፁን ወደ ማጉያ የሚያስተላልፈው) ይኑረው ወይ ለሚለው አጭር መልስ አለኝ። መድረክ ላይ የምትወጡ ከሆነ ይኑረው፣ ባትሪ የሚጠይቀው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ ባትሪ የሌለው በቀጥታ ማጉያ ላይ ሲሰካ ቀጭን ይሆናል። ቤት ውስጥ ብቻ ከሆነ ከእጅ አይሻል ዶማ የሆነ ርካሽ ፒካፕ ያለበትን ኮምፔንሳቶ ከመግዛት በዚያው ዋጋ ፊቱ ሙሉ እንጨት የሆነውን መግዛት ይሻላል። ፒካፕ ኋላም ይገጠማል፣ እንጨት ግን አይቀየርም። ማንገቻውን ግን አትዝለሉ፤ ባሪቶን እንደ ሶፕራኖ በክንድ ታቅፎ የሚያዝ መሣሪያ አይደለም።

ክሩና የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

በአብዛኛው ባሪቶን ላይ ሁለቱ ወፍራም ክሮች ሽቦ የተጠመጠመባቸው፣ ሁለቱ ቀጫጭኖች ደግሞ ለስላሳ ናቸው። ጥምጥሞቹ ድምፃቸው ደማቅ ነው፣ ጣት ሲንሸራተትባቸው ግን ይጮኻሉ፣ አንዳንዴም ከለስላሶቹ ጋር አይመጣጠኑም። ይህ የሚያበሳጫችሁ ከሆነ ጂውን በለስላሳ ክር የሚተካ ስብስብ አለ፤ አራቱም ለስላሳ የሆኑበትም አለ። ፍሎሮካርቦን የሚባለው ክር ክብደቱ ከናይለን ስለሚበልጥ በዚያው ድምፅ ቀጠን ይላል፣ ጥርት ያለ ነው። የጣሊያኑ አኩዊላ የሚሠራው ናይልገት ደግሞ የጥንቱን የአንጀት ክር እንዲመስል የታሰበ፣ ሞቅ ያለ ነው። አራቱም ለስላሳ ሲሆኑ ዲው ወፍራምና ትንሽ ደነዝ ይሆናል፤ እኔ ለዲው ጥምጥሙን፣ ለሌሎቹ ለስላሳውን እመርጣለሁ።

ቀድሞ የሚያልቀውም ያ የዲ ክር ነው። ሲ፣ ኤ ማይነርና ኢ ማይነር፣ ሦስቱም ዲውን ሁለተኛው ፍሬት ላይ ያስጭኗችኋል፤ ስለዚህ ጥምጥሙ ልክ እዚያ ቦታ ላይ ይጨፈለቃል፣ ቆይቶም ይተረተራል። ክሩን በጥፍራችሁ ብትዳስሱት ጎድጎድ ያለውን ታገኙታላችሁ። ሙሉ ስብስብ ሳይሆን ዲውን ለብቻ መግዛት ከቻላችሁ ሁለት ሦስት አስቀምጡ።

አዲስ ክር ይለጠጣል። ባሪቶኑ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁለት ዘፈን ሳትጨርሱ ቅኝቱ ቢወርድ መሣሪያው ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትመልሱት። ክሩን በየተራ ከፊት ገበታው ቀስ አድርጋችሁ እየሳባችሁ መልሳችሁ ቃኙ፤ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲሆነው ይረጋል። ከዚያም በኋላ አንዱ ክር ብቻ እየወረደ ካስቸገራችሁ የዚያን መቃኛ ትንሽ ብሎን ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ ላልታ የመጣች ናት፣ በትንሽ ካቻቢቴ ሩብ ዙር ብታጠብቋት ጉዳዩ ያልቃል።